እድራችን በቁም ላለ ሰው ገንዘብ ሲያወጣ

ይህን የምጽፈው ሰፈሩ ውስጥ አእምሮው ታሞ ጎዳና የወጣ ሰው ላለበትና «ከየት ልጀምር?» ብሎ ግራ ለገባው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሶሻል ወርከርም አይደለሁም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የአንድ እድር ፀሐፊ ነኝ። መዋጮ እመዘግባለሁ፣ በቀረ ሰው ላይ ቅጣት እጽፋለሁ፣ ከለቅሶ በኋላ ወንበሩና ብረት ድስቱ በቁጥሩ መመለሱን አያለሁ። የምነግራችሁ የጎረቤቴን ልጅ ነገር ነው። እሱንም እናቱንም አስፈቅጃለሁ። ስማቸውን ግን አልጠራም።

ልጁ ሸማኔ ነው። ጥለት ላይ እጁ ጥሩ ነበር፤ ለሠርግ የሚታዘዝ ቀሚስ ሲመጣ ለእሱ ይሰጡት ነበር። ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ሰውየው ተለወጠ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ አብረውት የሚሠሩት ልጆች ሊጎዱት እንደሚፈልጉ መናገር ጀመረ። ሥራውን ተወ። ብቻውን ያወራል፣ ድንገት ጆሮውን ይይዛል፣ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ «መርዝ አለበት» ይላል። ጸበል ወሰደችው፣ ትንሽ ሻል አለው፣ ሲመለስ ባሰበት። አንድ ሌሊት የግቢውን በር ሲደበድብ አከራያቸው «ወይ ልጅሽን አስወጪ ወይ ቤቴን ልቀቂ» አላት። ልጁ ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ በራሱ ወጣ። አስፋልት ዳር፣ ከተዘጉ ሱቆች ፊት፣ ላስቲክ ዘርግቶ ማደር ጀመረ።

የምናውቀው ልጅ ነው። እኛን የከበደን ይሄ ነበር። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ሥር ስለሆነ ለጸበል ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ስንቃቸው አልቆ እዚያው የቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነሱን አይተን ማለፍ ለምደናል፤ ለምደናል ስል አያኮራም። የዚህን ልጅ እናት ግን በየጠዋቱ ዳቦ ይዛ ስትሮጥ እናያታለን።

እድሩ ውስጥ ነገሩ የመጣው በውዝፍ ነው። እናትየው መዋጮ አልከፈለችም ነበር። በደንባችን ሦስት ወር የወዘፈ ይሰረዛል። ስሟ ለመሰረዝ ሲነበብ አንዷ ጎረቤት ተነስታ «የልጇን ነገር እያያችሁ?» አለች። ክርክር ተነሳ። አንድ አባል ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ዛሬ ለአንዱ ብናወጣ ነገ ሁሉም ይሰለፋል።» እኚህን ሰው መጥፎ አድርጋችሁ አትዩዋቸው። በዕድሜያቸው ገንዘብ ያዥ እየሸሸ ሲፈርስ ያዩት እድር ከአንድም ሁለት ነው።

ዳኛችን ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። «ልጁን ብርድ ቢገድለው ጥሩምባ አስነፍተን ድንኳን እንጥላለን። ለዚያ ስንት ነው የምናወጣው? ፀሐፊ፣ እስቲ አንብቢልን» አሉኝ። አነበብኩ። የሚያጉረመርም ጠፋ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ከወርሃዊ መዋጮ አንድ ብር አይነካም። ከቅጣትና ከዕቃ ኪራይ የሚገባው ግን ለታመመና ለተቸገረ አባል ይወጣል። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ለሠርግ የሚያከራይ እድር ሁሉ ይህ ገንዘብ አለው፤ አብዛኛው ተቀምጦ ዋጋው ይወርዳል። ከሁሉ በፊት የእናትየውን ውዝፍ ከዚያው ከፈልን። ብዙ ሰው ከምግቡ እንጀምር ይላል። እኔ ግን ይህ ትክክል ነበር እላለሁ። ከእድር የተሰረዘ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ፊቱን ቀና አድርጎ አይሄድም፤ እርዳታም ብታመጡለት ይሸሻችኋል።

ወደ ልጁ ስንሄድ ደግሞ ተሰብስበን አልሄድንም። እዚህ ላይ ወረዳው ያለችው ሶሻል ወርከር ረዳችን። አንዲት ልጅ ናት፤ የምትሸፍነው ሰው ብዛት ያሳዝናል። ግን የነገረችን ነገር ሁሉ ሠራ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ከማን እጅ ይበላል?» የሚል ነበር። አስበን አናውቅም። ስናጣራ፣ ጥግ ላይ ጀበና ቡና ከምታፈላው ሴት ብቻ ይቀበላል። እሷ አትጠይቀውም፣ አትመክረውም፣ ሲኒውን አስቀምጣ ትመለሳለች። ስለዚህ ምግቡን በእሷ በኩል አደረግነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሳህን። ከፊቱ መጀመሪያ እሷ ትቀምስለታለች። በፊት ከምግብ ቤት የሚወጣ ቡሌ ነበር የሚበላው፤ ቀስ በቀስ ተወው።

ሌላው ትምህርቷ ስለ አነጋገር ነው። «ሊገድሉኝ ነው» ሲላችሁ «ማንም የለም፣ ዝም በል» ማለት ያርቀዋል። «እውነትህን ነው፣ አይቻቸዋለሁ» ማለትም ያብሰዋል። «እኔ አላየሁም፤ አንተ ግን እንደፈራህ ይታየኛል። ምን ላድርግልህ?» ማለት ነው። ቡና ሻጯ ይህን ቶሎ ያዘች። እኛ የተማርን የምንባለው ላይ ነው ያስቸገረው።

ሕክምና እንዲሄድ ያደረገው እግሩ ነው። «አእምሮህን ታመሃልና እንሂድ» ብትሉት ማን ይሄዳል? እግሩ ላይ ግን ቁስል ነበር፤ ያሳክከዋል፣ ሌሊት አያስተኛውም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ ቁስሉን አየችና «ጤና ጣቢያ ይታጠብልህ» አለችው። እሺ አለ። ቁስሉ ሲታጠብ አብራ ያየችው ሲስተር የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና የወሰደች ነበረች። ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው። ስለ እንቅልፉ ሲሆን አወራ። ያን ቀን መድኃኒት አልተሰጠውም፤ ለፋሻ እንዲመለስ ተነገረው፣ ተመለሰም። ሪፈር የተጻፈለት ኋላ ነው። እናንተም ሰዋችሁን የሚያስቸግረውን ነገር ፈልጉ። እግር ሊሆን ይችላል፣ ጥርስ፣ ቅማል፣ እንቅልፍ።

መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ ግን አለ። ራሱን ሊያጠፋ ከሞከረ ወይም እንደሚያጠፋ ከተናገረ፣ ሰው ላይ አደጋ ለማድረስ ከተነሳ፣ ምግብና ውኃ እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ኖሮት ከቃዠ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። ቁስል አየን፣ ቡና አጠጣን የምትሉበት ጊዜ አይደለም።

ወረቀቱ ከሁሉም በላይ አደከመን። መታወቂያው ጠፍቷል። መታወቂያ የሌለው ሰው የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አይጻፍለትም። ደብዳቤ ከሌለ ካርድ፣ ምርመራና መድኃኒት በኪስ ነው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካችኋል፤ ሌላው «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ይላችኋል። እኛን ያወጣን የእድሩ ማኅተም ነው። ልጁ የሰፈሩ ተወላጅ መሆኑን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዳኛውና ሁለት አባላት ፈርመው ሰጡን። ሶሻል ወርከሯ ያንን ይዛ ገባች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካርድ ያለው ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ የታመመው ሰው ስም እዚያ ላይ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። መክፈል የማይችል ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንለት አሠራር አለ። ምዝገባው ግን ወቅት አለው፤ ካለፈ መጠበቅ ነው።

ሆስፒታልን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አማኑኤልን ነው። አማኑኤል ረጅም ዘመን ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ወረፋው አሁንም ከባድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የካ ኮተቤ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የት እንደሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። ሐኪሙ ወዲያው መድኃኒት አልጻፈም፤ ደም አስመረመረ። የአእምሮ ሕመም የሚመስል ነገር ከሌላ በሽታም ሊመጣ ይችላል።

አሁን መድኃኒቱ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰበረው እዚህ ስለሆነ።

አንደኛ፣ መድኃኒቱ ያስርባል። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት «እንጀራ፣ እንጀራ» እያለ ያስቸግር ጀመር። ከዚያ ኪኒኑን ደበቀ። ለምን ሲባል «ሲርበኝ ምን ልበላ ነው?» አለ። ይህን ሲለኝ ዝም አልኩ። እብደት ሳይሆን ሂሳብ ነው የሠራው። ሲስተሯን ብንጠይቅ በየቀኑ የምትሰማው ነገር ነው፤ ሰው ሲድን ሳይሆን ሲርበው መድኃኒት ያቆማል። ስለዚህ የእድሩን ገንዘብ አብዛኛውን ለምግብ አደረግነው፤ የምሳውን ሳህን ሁለት አደረግን። መድኃኒት ብቻ ገዝታችሁ ምግቡን ከረሳችሁ የገዛችሁት ይጣላል።

ሁለተኛ፣ ሰውነቱ ገተር ገተር አለ። አንገቱ ተገተረ፣ ምራቁ ይዝረከረካል። እናቱ «ልጄን ገደሉብኝ» ብላ ጮኸች። ይዘነው ስንመለስ ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰለት፤ ግትርነቱን የሚያላላ ሌላ ኪኒን ጨመረለት። በቀናት ውስጥ ተስተካከለ። ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ የነገረን ቢኖር ያን ያህል አንደነግጥም ነበር። እኔ ለእናንተ እየነገርኩ ነው። በራሳችሁ አታቁሙ፤ ይዛችሁት ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ ጎዳና ላይ ኪኒን የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ዝናብ ይነካዋል፣ ይሰረቃል። በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ እንዳለ ያወቅነው ጠይቀን ነው። ለሁሉም አይሆንም፤ ለእሱ ግን ሆነለት። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ የውጭ ፋርማሲ ዋጋ አይቀመስም። መጀመሪያ የከነማ ፋርማሲዎችን ጠይቁ።

ስለ ጸበል ካልተናገርኩ ነገሩ ጎዶሎ ነው። እናቱ «መርፌው ነው ያዳነው» ብትሏት አታምንም፤ እኔም ልከራከራት አልሞከርኩም። የተከራከርኩት ስለ ሰንሰለት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ጸበል ሲወሰድ ታስሮ ስለነበር አንጓው ላይ ጠባሳ አለ፤ የፍርሃቱ አንዱ ሥር ያ ይመስለኛል። ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩና አጥማቂውን አባት አነጋገርን። መድኃኒት እንደሚወስድ ነገርናቸው። ጠዋት ጸበሉን ይጠጣና ይጠመቃል፣ ከዚያ በልቶ ኪኒኑን ይወስዳል ተባባልን። እናትየው ስትጠራጠር የእንጦጦን ነገር አስታወስኳት፦ በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያንን ታስታውሳለች፤ ያኔ የእህቷ ልጅ እንጦጦ ነበረች። ሌላ ክርክር አላስፈለገም። መድኃኒቱን ጣሉ የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ጸበል አንድ ቦታ ብቻ አይደለም።

ጎረቤቶች «ለምን መቄዶንያ አይወስዱትም?» ይሉን ነበር። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረውን ያን ማእከል ማን ያልሰማ አለ? «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው ቃላቸው ታክሲ ላይ ሁሉ ተለጥፏል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አንስተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን እኔ እስከማየው የዚያ አልጋ ማንም ለሌለው ሰው ነው የሚገባው። እናት፣ ሙያና ሰፈር ያለውን ሰው እዚያ ካስገባን ማንም የሌለው የት ይሂድ? ደግሞም ዕዳችንን ለሌላ ማሸከም ነው። በዚህ ከእኔ ጋር የማይስማማ ብዙ ሰው አለ።

ሶሻል ወርከሯም አንድ እሁድ ስብሰባችን ላይ መጥታ ተመሳሳይ ነገር አስረድታናለች። ቡታጅራ አካባቢ ለዓመታት በተደረገ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ያለምክንያት የሚያስጠረጥር ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው ታዩ። አንዱ ወገን በጤና ጣቢያ ታከመ። ሌላው ወገን ከዚያ በላይ የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎች ቤቱ ድረስ እየሄዱ ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ሠሩለት። ከዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ የሚመሩት ሁለተኛዎቹ ሆኑ። ያ «እድር ለቀብር ነው» ያሉት አባል ይህን ሰምተው «ታዲያ እኛ ሳናውቀው ነው የሠራነው» አሉ። አሁን የኮሚቴው አባል ናቸው።

ቤት ማግኘቱ በጣም ከበደ፤ ደላላው ስሙን ሲሰማ ስልክ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ በአንዲት አባላችን ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ለእናትና ልጅ ተከራየ። ዳኛው በስማቸው ዋስ ሆኑ፤ እድሩ የመጀመሪያውን ኪራይ ከፈለ። አከራይዋ የፈለገችው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ሌሊት ችግር ቢፈጠር የምትደውልለት ሰው ነው የፈለገችው። የሦስት ሰው ስልክ ግድግዳ ላይ ጻፍንላት። እስካሁን የደወለችው ውኃ ሲጠፋ ነው።

የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የችግረኞች ድጋፍ በ2009 ዓ.ም. በአሥራ አንድ ከተሞች ሲጀመር አዲስ አበባ አንዷ ነበረች። መሥራት ለሚችል ሥራ፣ ለማይችል ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ተጠቃሚውን የሚመርጠው የአካባቢ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ እድርተኞችም ሊኖሩ ይችላሉ። ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ከወረዳችሁ ተከታተሉ፤ የታመመ ሰው ስሙን ራሱ ሄዶ አያስመዘግብም።

ሥራው እንዲህ ተመለሰ። የድሮ ባልደረቦቹን ይፈራቸው ስለነበር ወዲያው ወደ እነሱ አልላክነውም። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ቤታቸው በረንዳ ላይ ማግ እንዲያጠነጥንላቸው ወሰዱት። ከሰው ጋር አያገናኝም፣ ሰዓት አያስጨንቅም፣ ሲደክመው ይተኛል። የሠራውን ያህል በዕለቱ ይከፍሉታል። ወራት ካለፉ በኋላ ራሱ «ነጠላ ልሞክር» አለ። የመጀመሪያው ነጠላ ጠርዙ ጠማማ ነበር። ሽማግሌው አላመሰገኑትም። «ፍታና ድገመው» አሉት። ሰው እንደ ሰው ከተናገረው ቆይቶ ስለነበር መሰለኝ፣ ፈትቶ ደገመው።

አንዴ ተመልሶበታል። ከጓደኛ ጋር ጫት ጀመረ፣ መርፌው ቀኑ አለፈ፣ እንቅልፉ ጠፋ። እኛ ዘንድ አሁን የታወቀው ምልክት እንቅልፍ ነው፤ ሁለት ሌሊት መብራቱ ካልጠፋ አከራይዋ ለእናቱ ትነግራለች። ለሰፈር ሳይሆን ለእናቱ። ያኔ በጊዜ ስለደረስን ጎዳና ሳይወጣ ተመለሰ።

ሁሉም ልጁን ሲያይ እናቱን ረስተን ነበር ማለት ይቻላል። እሷን ያስታወሰችን ያችው ቡና ሻጭ ናት፦ «ልጁስ ደህና፤ እሷ ልትወድቅ ነው።» ደም ግፊቷ ጨምሯል፣ ለቅሶ ቤት አትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያንም ትታለች። ልጁን ብቻውን ትታ መውጣት ትፈራለች። አሁን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት አንዳችን እሷ ቤት እንቀመጣለን። የት እንደምትሄድ አንጠይቃትም። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት መርዳት የሚፈልግ፣ ገንዘብ ከሌለው፣ ይህን አንድ ከሰዓት ይስጥ።

ሌሎች እድሮች ደንባችሁን አሳዩን ስላሉ ያጸደቅነውን አንቀጽ እዚህ ላስቀምጠው፦ «ከቅጣትና ከዕቃ ኪራይ ከሚገኘው ገቢ፣ በሕመም ወይም በችግር ከቤቱ ለወጣ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ፣ ለምግብ፣ ለሕክምና፣ ለመጓጓዣና ለቤት ኪራይ ወጪ ይደረጋል። ወጪው በዳኛው፣ በፀሐፊውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ይፈጸማል። የተረጂው ስም በስብሰባ አይነበብም።» ሦስቱን ፊርማ አትተዉት፤ ገንዘብ ያዡ ብቻውን ከፈረመ ሐሜቱ አያስቀምጠውም። ስም አይነበብም የሚለው ላይ ደግሞ እኛም ገና እየተከራከርን ነው፤ አንዳንዱ «ገንዘባችን ለማን እንደወጣ ሳናውቅ?» ይላል። ለጊዜው ዳኛው የስም ዝርዝሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ለኦዲተሩ ሰጥተዋል።